ስለ ነባር የክብር አውቶሞቢል አጠባበቅና አሸላለም

በዘመኑ ባለሥልጣኖችና ባለጸጎች ብቻ ይቀመጡበት የነበረ፣ ዋጋው ሲነገር ሰሚውን ያስደነግጥ የነበረ የክብር አውቶሞቢል፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ መጠነኛ ገቢ ያለው ሰው ሊገዛው የሚችል ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን የመኪናው ዋጋ ቢወርድም የመለዋወጫውና የባለሙያው ዋጋ አብሮ እንዳልወረደ ገዢው ብዙ ጊዜ የሚረዳው ውሉን ከፈረመ በኋላ ነው። ይህን መሰሉን መኪና ወድዶ በያዘ ሰው ልብ ውስጥ ሁለት ምኞቶች ይከራከራሉ፤ አንደኛው መኪናውን ሠሪዎቹ እንዳወጡት አድርጎ የመጠበቅ፣ ሁለተኛው የራሱን ምልክት አኑሮበት የማሳመር ምኞት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ምኞቶች ጠላቶች አይደሉም፤ ቅደም ተከተል ግን አላቸው፤ የመኪናውን ጠባይ በጥገና ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው የሚጨምርበት ጌጥ ሁሉ መኪናው ከተፈጠረበት ሥርዓት ስለሚያወጣው፣ አሸላለሙ ከአጠባበቁ ሊወለድ ይገባዋል እላለሁ።

ነገሩን በጠቅላላው ከማውራት ይልቅ በአንድ መኪና ላይ ማሳየት ለአንባቢ የሚቀል ስለሆነ፣ የጀርመኑ የዳይምለር ቤንዝ ኩባንያ በመስከረም 1979 በፍራንክፈርቱ የአውቶሞቢል ትርኢት ለሕዝብ ያቀረበውንና በፋብሪካ ስሙ ደብልዩ 126 የሚባለውን ትልቁን መርሴዲስ እመርጣለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የማነሣው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህ መኪና በአውሮፓ እስከ 1991 ድረስ ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ ባለ አራት በሩ ብቻ ከ818 ሺህ በላይ፣ ባለ ሁለት በሩ ደግሞ 74 ሺህ ያህል ተመርቷል፤ በዚህ ማዕረግ ላለ ውድ መኪና ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው፤ ዛሬም አፍቃሪዎቹ መለዋወጫ ለማግኘት ተስፋ የማይቆርጡት በዚህ ብዛት ምክንያት ነው።

ቅርጹን ያወጣው ክፍል አለቃ ብሩኖ ሳኮ ነበር፤ በ1933 በጣሊያን አገር በኡዲኔ ከተማ ተወልዶ፣ ከ1975 ጀምሮ የኩባንያውን የቅርጽ ክፍል እስከ 1999 የመራ ሰው ነው። ሳኮ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የጸናበት አንድ እምነት ነበረው፤ ይኸውም አዲስ የወጣ መርሴዲስ ከእርሱ በፊት የነበረውን ያረጀ ማስመሰል የለበትም፣ የታላቁና የታናሹ ዝምድና በመልካቸው መታወቅ አለበት የሚል ነው። ስለዚህም ደብልዩ 126ን የሚመለከት ሰው በመኪናው ላይ አንድ ጊዜ የሚያበራ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያሳፍር ጌጥ አያገኝም፤ መከላከያው ከአካሉ ጋር ተዋሕዶ፣ የጎኑ የታችኛው ክፍል ከጠጠር በሚጠብቅ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ጣሪያው ዝቅና ለስለስ ብሎ፣ ነፋስ ወደ ኋላ የሚጎትትበት ልክ በቀደመው ሞዴል 0.41 የነበረው ወደ 0.36 ወርዶ ይታያል። በዚህ መኪና ላይ አንዳች ነገር ሊለውጥ የሚያስብ ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ ይህን የሳኮን እምነት ቢያጤን ብዙ ገንዘብና ብዙ ጸጸት ይተርፍለታል።

ከመልኩ ይልቅ የሚደነቀው ግን የተሰወረው ሥራ ነው። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት በሙሉ ግንባራቸው ሳይሆን በአንድ ወገናቸው መሆኑን መሐንዲሶቹ ተመልክተው፣ የግንባሩ 40 በመቶ ብቻ ሲመታ ኃይሉ በሻንሲው ተበትኖ የተሳፋሪው ክፍል እንዳይደቅቅ አድርገው ሠሩት፤ የሹፌሩን ደረት የሚጠብቀው የአየር ከረጢትም በዚህ መኪና ላይ ከ1981 ጀምሮ ለገዢ ቀረበ። ይህን የማነሣው ለውዳሴ ብቻ አይደለም፤ በአደጋ ተጎድቶ በመዶሻ የተስተካከለ፣ በስቱኮ የተሞላና በቀለም የተሸፈነ ሻንሲ እንደዚህ ያለውን ጥበብ ጨርሶ እንዳጣ ገዢው እንዲያውቅ ነው። ውጭው የሚያንጸባርቅ፣ ውስጡ የተሰበረ መኪና ከመግዛት፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ አጥንቱ ግን ቀጥ ያለ መኪና መግዛት ይሻላል።

እንግዲህ መኪናው ከመገዛቱ በፊት ሊነበብ ይገባዋል። የሻንሲው ቁጥር በ126 የሚጀምር ስድስት አኃዝ በውስጡ ስለሚይዝ ማንነቱን ይናገራል፤ ለምሳሌ 126037 ቢሆን መኪናው 500 ኤስ ኢ ኤል፣ 126039 ቢሆን 560 ኤስ ኢ ኤል ነው፤ በስሙ መጨረሻ ያለው ኤል የሚያመለክተው ለኋላ ተቀማጮች ምቾት 140 ሚሊ ሜትር የረዘመውን ነው። ኮፋኖው ሲከፈት ከፊት በራዲያተሩ አናት በኩል ከሚገኘው የብረት ጽላት ላይ የቀለሙ ቁጥር ይነበባል፤ 040 ጥቁር፣ 735 ብርማ ነው፤ ጽላቱ 735 እያለ መኪናው ቀይ ሆኖ ከተገኘ፣ ለምን እንደ ተቀባ ሻጩን መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ሊብሬውንም ከሻንሲው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ግዴታ ነው። ከዚህ በኋላ ጉልበቱን አንበርክኮ ዝገትን መፈለግ ይገባል፤ ክሪክ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በጎን ፕላስቲኮቹ ሥር ተሰውረው ስለሚዝጉ፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹ ክብ ጠርዝም ጭቃ ስለሚይዝ፣ የኋላው መስተዋት ማዕዘኖችም ውኃ ወደ ዕቃ መጫኛው ስለሚያስገቡ፣ ምንጣፉን ገልጦ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። በረዶን ለማቅለጥ መንገዳቸው ላይ ጨው ከሚበትኑ አገሮች የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ ፍተሻው እጥፍ ይሁን።

ስለ ሞተሩ ብዙ መናገር ስለሚያስፈልግ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በዚህ መኪና ላይ ስድስት ሲሊንደርና ስምንት ሲሊንደር ያላቸው የቤንዚን ሞተሮች ተገጥመውበታል፤ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ብቻ ደግሞ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ተሠርቶለታል። አፍቃሪዎች አብልጠው የሚመኙት ስምንት ሲሊንደሩን ሲሆን፣ እርሱ 3.8፣ 4.2፣ 5.0 እና 5.5 ሊትር ሆኖ በየጊዜው ወጥቷል። ቴስታታዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ዋናው አካሉም ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ስለሆነ፣ ለትልቅነቱ ቀላል ነው፤ በለሰለሰ እጅ ሲነዳም ድምፁ ከውስጥ አይሰማም።

የዚህ ሞተር ዕጣ ፈንታ የተንጠለጠለው በአንድ ሰንሰለት ላይ ነው። ከታች ያለው ዋናው ዘንግ ሲዞር፣ በሁለቱ ቴስታታዎች ላይ ያሉትን የካም ዘንጎች በልክና በሰዓቱ እንዲያዞር የሚያደርገው ረጅም የብረት ሰንሰለት ሲሆን፣ ይህ ሰንሰለት በሚሄድበት መንገድ እንዳይንቀጠቀጥ የሚደግፉት የፕላስቲክ ሐዲዶች ናቸው። ብረቱ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ፕላስቲኩ ግን በዘይትና በሙቀት ዓመታት ሲቀቀል ቀለሙ እየጠቆረ፣ ባሕርዩ እንደ ደረቅ አጥንት እየሆነ ይሄዳል፤ በመጨረሻም አንድ ቀን ጧት ሞተሩ ሲነሣ፣ ይልቁንም በግራው ወገን ያለው የላይኛው ሐዲድ ይሰበርና ስባሪው በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ይገባል። ሰንሰለቱ ጥቂት ጥርስ ከዘለለ ቫልቮቹ ገና ሳይዘጉ ፒስቶኖቹ ወደ ላይ ይደርሱባቸዋል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ የሚሰማው ድምፅ ምናልባት ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ያስከትላል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ሁሉ ጥፋት ያመጣው ሐዲድ ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው።

መድኃኒቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። የቴስታታውን ክዳን አንሥቶ በባትሪ ብርሃን ሐዲዶቹን መመልከት ይቻላል፤ ቀለማቸው ፈዛዛ ከሆነ ገና ናቸው፣ ከሻይ ቅጠል የጠቆሩ ከሆነ ጊዜያቸው አልፏል። የሰንሰለቱን መርዘም ለማወቅ ደግሞ የካም ዘንጉ ምልክት ከመደገፊያው ምልክት ጋር እስኪገጥም ድረስ ሞተሩ በእጅ ይዞርና፣ ከፊት ባለው ክብ ላይ የሚታየው ዲግሪ ከዜሮ ምን ያህል እንደ ራቀ ይነበባል። ሰንሰለቱ የሚለወጥ ከሆነ የሞተሩን ፊት መፍታት አያስፈልግም፤ አዲሱ ሰንሰለት ከአሮጌው ጫፍ ጋር ተያይዞ፣ ዋናው ዘንግ በዝግታ ሲዞር አሮጌው እየወጣ አዲሱ እየገባ ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ የሚያዞር፣ ሌላው ሰንሰለቱ ከጥርሱ እንዳይላቀቅ ወጥሮ የሚይዝ። ብዙ ባለሙያዎች ሥራው በ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሠራ ይመክራሉ፤ ወጣሪውና ሐዲዶቹም አብረው ይለወጣሉ። ለአሜሪካ የተላኩት የመጀመሪያዎቹ 3.8 ሊትር ሞተሮች ባለ አንድ ረድፍ ሰንሰለት ስለ ነበሩና ቶሎ ስለሚበጠሱ፣ በኋላ በባለ ሁለት ረድፍ ተተክተዋል፤ እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛ ሰው ለውጡ መደረጉን ከወረቀት ላይ ማየት አለበት፣ ቃል ብቻ አይበቃውም። ክዳኑ በተከፈተበት ጊዜም በካም ዘንጎቹ ላይ ዘይት የሚያንጠባጥቡት ቀጫጭን ቱቦዎች መያዣቸው ፕላስቲክ መሆኑን አስታውሶ በአዲስ መተካት ብልህነት ነው፤ መያዣው ከተሰበረ ዘይቱ በመንገድ ይቀርና የካም ዘንጉ በጥማት ይበላል።

የማቀዝቀዣው ነገር በተለይ በእኛ ደጋ አገር ለሚነዳ ሰው የበለጠ ይከብዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል፣ ውኃም ባልተዘጋ ዕቃ ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በተዘጋ ራዲያተር ውስጥ ግፊት ስለሚጨመር የመፍያው ደረጃ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ግፊት መያዝ ካልቻለ፣ 87 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚከፈት ቴርሞስታት ያለው ሞተር ከመፍላት የሚለየው የአምስት ዲግሪ ልዩነት ብቻ ይሆናል። ይህ ክዳን ርካሽ ነው፤ የሚለውጠው ሰው ግን ጥቂት ነው። በተጨማሪም በአገራችን ብዙ ሹፌር በራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውኃ መጨመር ልማድ አድርጎታል፤ ለብረት ሞተር ይህ ጉዳቱ የዘገየ ሲሆን፣ ለአሉሚኒየም ሞተር ግን ውስጡን እየበላ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን መቀመጫ ስለሚያበላሽ፣ በረዶ በሌለበት አገርም ቢሆን ከዝገት የሚጠብቀው ፈሳሽ ከንጹሕ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ መግባትና በየጊዜው መለወጥ አለበት።

ቤንዚኑን ለሞተሩ የሚያካፍለው የቦሽ ኩባንያ መሣሪያ ነው፤ ኬ ጄትሮኒክ ይባላል፣ ከ1985 ማሻሻያ ወዲህ ያለው ደግሞ ኤሌክትሪክ ተጨምሮበት ኬ ኢ ጄትሮኒክ ተብሏል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር አንዲት ክብ ሳሕን ያነሣል፣ ሳሕኗም በምን ያህል እንደ ተነሣች ቤንዚን ማደያው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሰጠውን መጠን ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ ነዳጁም እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች እየቆረጠ ሳይሆን ሳያቋርጥ ይረጫል። መካኒክ ይህን መሣሪያ ሳይመረምር ዊንጮቹን መነካካት ከጀመረ ሞተሩ ሰላም አያገኝም፤ ምርመራው የሚጀመረው በግፊት መለኪያ ነው። ለምሳሌ መኪናው ሲቀዘቅዝ ቶሎ የሚነሣ፣ ሞቆ ለሩብ ሰዓት ከቆመ በኋላ ግን ሞተሪኖው ብዙ እስኪያዞረው ድረስ እምቢ የሚል ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከካንዴላው አይደለም፤ በፖምፓው ላይ ያለው መመለሻ ቫልቭ ወይም ግፊቱን አምቆ የሚያቆየው ዕቃ ስለ ደከመ፣ ቤንዚኑ በመስመሩ ውስጥ በሙቀት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ነው። በሁለቱ ፋንታ ካንዴላና ገመድ እየለወጠ ገንዘቡን የጨረሰ ባለቤት ብዙ ነው።

በኤሌክትሪኩ በኩል ከትልቁ ጥፋት ይልቅ ትንንሹ ያሠቃያል። ፊውዞቹ በሁለት ጫፋቸው የሾሉ፣ በላያቸው ቀጭን ብረት የተጋደመባቸው ናቸው፤ ብረቱ አሉሚኒየም ሲሆን ከመያዣው ጋር የሚነካካበት ቦታ በጊዜ ብዛት ይሻግትና፣ ፊውዙ ሳይቃጠል መስኮቱ አይወርድም፣ ፍሬቻው አይበራም፣ ማሞቂያው አይነፍስም። መያዣዎቹን አጽድቶ ፊውዞቹን ሁሉ በመዳብ መተካት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ በዚህም ብቻ ግማሹ የኤሌክትሪክ ሕመም ሲድን አይቻለሁ። ኬ ኢ ጄትሮኒክ ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ከመጠን ያለፈ የኤሌክትሪክ ግፊትን የሚከለክል፣ አናቱ ላይ ፊውዝ የተቀመጠበት አንድ ሪሌ አለ፤ ውስጡ ያለው ብየዳ ሲሰነጠቅ የፍሬን መቆለፍን የሚከለክለው መሣሪያ መብራት ይበራል፣ ሞተሩም ቆሞ ሳለ ይንተፋተፋል፤ ሁለቱ የማይዛመዱ የሚመስሉ ምልክቶች ከአንድ ሪሌ ይመነጫሉ።

ካምቢዮው አራት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ሲሆን እጅግ ጠንካራ ነው፤ የሚፈልገው በ50 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ዘይቱና ማጣሪያው እንዲለወጥ ነው፤ ሲለወጥም ከሥሩ ካለው ገንዳ ብቻ ሳይሆን ከኮንቨርተሩም ማፍሰሻ እንዳለው መካኒኩ ይወቅ፤ አለበለዚያ ከአሮጌው ዘይት ብዙው በውስጡ ይቀራል። ቀስ ብሎ ሲነሣ በሁለተኛ ማርሽ መነሣቱ የተፈጥሮ ጠባዩ እንጂ በሽታ አይደለም። ፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ የመሪ መገጣጠሚያና የሞተር መቀመጫ ላስቲክ በማናቸውም መኪና እንደሚለወጡት ይለወጣሉና በእነርሱ ላይ አልቆይም።

አሁን ወደ አሸላለሙ እንምጣ። በገዳማት የሚገኝ የብራና መጽሐፍ ጥራዙ ሲላላ ይታሰራል፣ ማኅደሩ ሲቀደድ በአዲስ ቆዳ ይሰፋል፣ በሕዳጉም ላይ ሐረግ ሊጨመርበት ይችላል፤ ጽሑፉን ግን ማንም አይፍቀውም። በነባር መኪና ላይ የሚደረግ ለውጥም በዚህ ሥርዓት ቢመራ መልካም ነው፤ ሊመለስ የሚችል ለውጥ ሁሉ የተፈቀደ ነው፣ ብረት የሚቆርጥና ሻንሲ የሚወጋ ለውጥ ግን ከባለቤቱ መብት በላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መኪናው ከእርሱ በኋላ ሌላ ባለቤት ያገኛልና።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚለውጠው ቸርኬውንና ጎማውን ነው፤ የመኪናውን አቋም ይህን ያህል የሚለውጥ ሌላ ነገር ስለሌለ ምርጫውን አልነቅፍም። ነገር ግን ሥርዓት አለው። መኪናው መጀመሪያ የወጣው በ14 ኢንች ቸርኬና 205/70 በሆነ ጎማ ሲሆን፣ ከ1985 ወዲህ በ15 ኢንችና በ205/65 ተተካ፤ ሁለቱም ከምድር እስከ አናታቸው ሲለኩ 64 እና 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆኑ ዲያሜትራቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ወደ 16 ኢንች መሄድ የሚወድ ሰው 225/55 ጎማ ቢመርጥ ይህ ልክ ከሁለት በመቶ ባላለፈ ልዩነት ስለሚጠበቅ፣ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም፣ ካምቢዮው አይደናገርም፣ ፓራፋንጎውም አይፋቅም። ከዚያ በላይ አልፎ 19 እና 20 ኢንች ቸርኬ የሚያስገባ ሰው ግን የጎማውን ጎን እጅግ ስለሚያሳንስ፣ እንዲህ ያለ ከባድ መኪና የሚጋጨውን ጉድጓድ ሁሉ በቀጥታ ወደ ኩሽኔታውና ወደ መሪው መገጣጠሚያ ያሳልፋል፤ ይህ መኪና ከሁሉ በላይ የሚታወቅበት ለስላሳነትም በዚያው ይቀራል። ሞላዎቹን ቆርጦ መኪናውን ዝቅ ማድረግንም ከዚሁ እቆጥረዋለሁ።

በአሜሪካ አገር ያሉ አፍቃሪዎች የሚያደርጉት አንድ ለውጥ ግን ከልብ የማመሰግነው ነው። የአሜሪካ ሕግ ባስገደደው መሠረት ወደዚያ የተላኩት መኪኖች ከአውሮፓዎቹ የረዘመ መከላከያና ክብ የታሸጉ መብራቶች ተገጥመውባቸው ስለ ነበር የሳኮ መስመር በዚያ ገበያ ተሰብሮ ነበር፤ ብዙ ባለቤቶች ከአውሮፓ ሰፊውን ባለ አንድ መስተዋት መብራትና አጭሩን መከላከያ አስመጥተው ይገጥማሉ፤ በዚህም መኪናውን እየለወጡ ሳሉ ወደ መጀመሪያው ሐሳቡ ይመልሱታል። በዚያው አገር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው ለአሜሪካ ገበያ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን 3.8 ሊትር ብቻ ሲያቀርብ፣ 500ውን የተመኙ ሰዎች በግላቸው ከአውሮፓ እያስመጡ ያስገቡ ነበር፤ ይህ ነገር እየበዛ ሄዶ በ1988 የአሜሪካ ምክር ቤት በግል የሚገቡ መኪኖችን የሚያጠብቅ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። ዛሬ በአሜሪካ የሚገኝ መኪና የአውሮፓ መብራት ይዞ ቢታይ፣ ወይ በኋላ የተገጠመለት ወይ በግል የገባ ነው።

ኃይልን በሚመለከት ታሪኩ የሚያልፈው በኤ ኤም ጂ በኩል ነው። ሐንስ ቬርነር አውፍሬኽትና ኤርሃርድ ሜልሸር በ1967 ያቋቋሙት ይህ ድርጅት በ1971 ወደ 6.8 ሊትር ባሳደገው ትልቅ መርሴዲስ በቤልጂየም በስፓ የ24 ሰዓት ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ ስሙ ታወቀ፤ በ1980ዎቹ ለደብልዩ 126 የሠራቸው ቸርኬዎችና ሞተሮች ዛሬ በውድ ዋጋ ይፈለጋሉ። በዚያው ዘመን ግን ሌሎች ቤቶች ለባለጸጎች ደስታ ሲሉ ፓራፋንጎ አስፍተው፣ ብረቱን በወርቅ ለብጠው፣ በሮቹን ወደ ላይ እንዲከፈቱ ቆርጠው የሠሯቸው መኪኖች ነበሩ፤ ጥበብ እንዳላነሳቸው አምናለሁ፣ ልክ ግን አንሷቸዋል።

ጀርመኖች ይህን የልክ ነገር በሕግ ወስነውታል። ከ1997 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የሞላውና በመልካም ይዞታ የተጠበቀ መኪና በሰሌዳው መጨረሻ ኤች የሚል ፊደል እንዲያገኝ ተፈቅዶለታል፤ ግብሩም በሞተሩ መጠን መብዛቱ ቀርቶ በዓመት 191.73 ዩሮ ብቻ ይሆናል። መርማሪው ለውጥ ፈጽሞ አይከለክልም፤ የሚጠይቀው ለውጡ የመኪናው ዘመን የሚያውቀው መሆኑን ነው። የ1980ዎቹ ቸርኬ በ1980ዎቹ መኪና ላይ ያልፋል፤ የዛሬ ቸርኬ አያልፍም። ይህ ሚዛን ሕጉ በማይደርስበት አገር ላለ ባለቤትም የሚጠቅም ይመስለኛል።

በውስጡ በኩል የሚደረገው እንክብካቤ ከውጭው ይልቅ ለባለቤቱ ዕለታዊ ደስታ ይሰጣል። በበሩ ላይ ያሉት መቀመጫ ማስተካከያዎች የመቀመጫ ቅርጽ እንዳላቸው ልብ በሉ፤ የጀርባውን ቅርጽ ወደ ኋላ የሚገፋ ሰው ጀርባው ወደ ኋላ ሲሄድለት ያያል፣ ማንም ማስተማር ሳያስፈልገው ይገባዋል። እንዲህ ያለ ብልህ ሥራ ሳይሠራ ተቀምጦ ሲታይ ያሳዝናል፤ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ግንኙነቱን ማጽዳት ነው። እንጨቱ በፀሐይ ብዛት ላኩ ይሰነጠቃል፤ ላኩን አንሥቶ እንደገና መቀባት ይቻላል፣ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ቅርፊት እጅግ ስስ ስለሆነ በማሽን መላግ አይገባም። ብዙ ሰው እውነተኛ ቆዳ መስሎት በቆዳ ቅባት የሚያሸው መቀመጫ ኤም ቢ ቴክስ የተባለ ሰው ሠራሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ለስላሳ ሳሙናና ውኃ ይበቃዋል። አየር ማቀዝቀዣው በአሮጌዎቹ ላይ አር 12 በተባለ ጋዝ ይሠራ ነበር፤ ይህ ጋዝ የምድርን የኦዞን ሽፋን ስለሚያጠፋ ከ1987 የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ በየአገሩ ተወግዷል፤ ወደ አር 134 ኤ ሲለወጥ ጋዙን ብቻ መሙላት አይበቃም፣ ላስቲኮቹ፣ ማድረቂያውና የኮምፕሬሰሩ ዘይት አብረው መለወጥ አለባቸው።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ኩባንያው ከ1993 ጀምሮ በሽቱትጋርት አጠገብ በፌልባኽ ለነባር መኪኖቹ የተለየ ማዕከል አቋቁሞ ዕቃ ስለሚያቀርብ፣ ብዙው ነገር ዛሬም በአዲስነቱ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው በቅድሚያ የሚሄደው ወደ መርካቶ ወደ ሶማሌ ተራ ነው፤ እዚያ ያሉት ነጋዴዎች ዕቃውን በእጃቸው ሚዛን ብቻ ከየትኛው ሞዴል እንደ ሆነ የሚናገሩ አዋቂዎች ናቸው፤ ቢሆንም የዕቃውን ቁጥር ጽፎ የሄደ ገዢ ከመሳሳት ይድናል። በአገራችን ከ2020 ወዲህ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ የኤክሳይስ ታክስ ስለ ተጣለ፣ በ2024 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ሌላ እንዲህ ያለ መኪና ከውጭ አምጥቶ ለመለዋወጫ መፍታት የማይቻል ሆኗል፤ ስለዚህም በአገር ውስጥ ያሉት ጥቂቶቹ ነባር መኪኖች እርስ በርሳቸው ዕቃ የሚዋዋሱ ቤተሰቦች መሆን ግድ ሆኖባቸዋል።

ዕቃ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚወድ ባለቤት የሚገዛውን ለይቶ ይግዛ። ብረትና ኤሌክትሪክ የሆነው ሁሉ፣ ይኸውም ሰንሰለት፣ ሪሌ፣ የቤንዚን ፖምፓ፣ ኩሽኔታ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመታትን ይታገሣል። ላስቲክ ግን በመደርደሪያ ላይ ሳለም ያረጃል፤ ቺንጋ፣ የራዲያተር ጎማ፣ የፍሬን ጎማና የመኪናው የበር ላስቲክ በሚፈለጉበት ጊዜ እንጂ ከዚያ በፊት መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው፤ ሲገዙም በላያቸው የታተመውን የተሠሩበትን ዘመን አንብቦ፣ ከአምስት ዓመት ያለፈውን ለሻጩ መመለስ ይገባል።